የከሚሴ ደጋፊ ስንት ሰዓት ይጓዝ?

ካርታ ላይ ማስመሪያ ላስቀመጠ ሰው ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። መኪና ግን 376 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ጣርማ በርን በብርድ ወጥቶ፣ ዋሻውን አልፎ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢትን በሙቀት ያቋርጣል፤ አጣዬንና ሰንበቴን ትቶ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ከሚሴ ሲደርስ ገና 325 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ስድስት ሰባት ሰዓት በላ ማለት ነው። የኳስ ሰው ርቀትን የሚያውቀው እንዲህ በሰዓት ነው እንጂ በማስመሪያ አይደለም።

ወልድያ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወት ይህ መንገድ የኳስ መንገድ ነበር። ከአዲስ አበባ በመኪና የተነሳ ቡድን በከሚሴ መሀል ያልፋል። የከሚሴ ልጅም ጊዮርጊስን ወይም ቡናን በዓይኑ ለማየት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፣ በጥር 2009 የተመረቀው የወልድያ ስታዲየም መግባት ይበቃው ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሀዋሳ ተረኛ ሆኑ። እውነቱን ለመናገር ለተጫዋቹ እፎይታ ነው። በየሳምንቱ አውቶብስ ላይ መንገላታት ቀረለት። ርቀቱ ግን የት ሄደ? አልጠፋም። ከተጫዋቹ ጉልበት ወደ ደጋፊው ኪስ ተዛወረ። የከሚሴ ሰው ሀዋሳ ለመድረስ 600 ኪሎ ሜትር ይጠብቀዋል። ደርሶ መልስ 1,200 ነው። አልጋው፣ ምግቡ፣ ከሥራ መቅረቱ ሲደመር ለዘጠና ደቂቃ ማን ይከፍለዋል?

“ቴሌቪዥን አለለት አይደል?” የሚል አይጠፋም። አለ፤ ጥሩም ነው። ነገር ግን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያየው ከሆነ ልጁ አርሰናልንና ማንቼን ትቶ የአገሩን ክለብ የሚመርጥበት ምን ምክንያት አለው? ቅርበት ነበር የአገር ውስጥ ኳስ ብልጫ። እሱንም ወሰዱበት።

እስያን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2017 በእስያ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የሪያዱ አል ሂላልና የጃፓኑ ኡራዋ ሬድስ ሲገናኙ በመሀላቸው ወደ 8,700 ኪሎ ሜትር ነበር። ኮንፌዴሬሽኑ ርቀቱን ያቃለለው ምሥራቁንና ምዕራቡን እስከ ፍጻሜ ለየብቻ በማጫወት ነው እንጂ ደጋፊውን ጨዋታ በመንሳት አልነበረም። ፍጻሜው በደርሶ መልስ ነበር፤ ሪያድም ሳይታማም የድርሻቸውን አዩ። በ2025 ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ ያለውን ጅዳ ላይ ሰበሰበው፤ ከዚያ በፊት ያለው ግን በየከተማው ተደርጓል።

ለከሚሴ የሚያስፈልገው ተአምር አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ይህ መስመር በግጭትና በጦርነት ያየውን መከራ የሚረሳ የለም። ሰላም ከሌለ ኳስም የለም። ሰላሙ ሲፈቅድ ግን የሊጉ ሰዎች ከተማ ሲመርጡ የሆቴሉንና የካሜራውን ብቻ ሳይሆን የደጋፊውንም ሰዓት ይቁጠሩ። ከከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮምቦልቻ ላይ ኤርፖርት አለ፤ ወደ ላይ ደግሞ ወልድያ አለ። ጥቂት ጨዋታ እንኳ ወደ ወሎ ቢመጣ ክለቡ በአየር፣ ደጋፊው በሚኒባስ ይደርሳል። ኳስ ወደ ሰው ካልመጣ ሰው ከኳስ መራቁ አይቀርም።