ማረፊያው አለ፤ መንገዱስ?

«የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ ቤት ለእንግዳ?» ብሎ ለሚጣራ መንገደኛ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ተብሎ የሚመለስበት አገር ልጆች ነን። ይህን የማነሣው የጥንቱን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ለሥራ ጉዳይ ላሊበላ ሄጄ በአንዲት አነስተኛ ሎጅ ሁለት ሌሊት ሳድር፣ ከዚህ ልማድ ግማሹ ብቻ እንደቀረልን ስለተገነዘብሁ ነው። ቤቱ አለ፤ ባለቤቱም በሩ ላይ ቆሟል። የጠፋው መሽቶበት የሚመጣው መንገደኛ ነው።

ሎጇ ከከተማዋ ጫፍ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራች ናት። ዐሥር የማይሞሉ ክብ ጎጆዎች አሏት፤ ግድግዳቸው ከአካባቢው ድንጋይ፣ ክዳናቸው ከሣር ነው። ከሰገነቷ ላይ ሆኖ ለሚመለከት የላስታ ተራሮች እርከን በእርከን እየወረዱ ከዓይን ይርቃሉ። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሺሕ አምስት መቶ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ አልጋው ላይ ከብርድ ልብሱ በተጨማሪ ነጭ ጋቢ ታጥፎ ይጠብቃል። ሽሮው ይጣፍጣል፤ ቡናው ሦስቱንም ተራ ጠብቆ ይቀርባል። እዚህ ቤት የጎደለ ነገር ነበር ብል ሐሰት እናገራለሁ።

ሆኖም በዚያን ምሽት በመመገቢያ አዳራሹ የተቀመጥሁት ብቻዬን ነበር። የሚያስተናግደኝን ወጣት «ሌሎቹ እንግዶች ገና አልገቡም?» ብዬ ብጠይቀው ፈገግ አለና «ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎና አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ናችሁ። ትናንትና ደግሞ ማንም አልነበረም» አለኝ። ወጣቱ ቀድሞ አስጎብኚ ነበር። «አሁን አልጋ አነጥፋለሁ፤ ግን የማነጥፈው አልጋ የሚተኛበት የለውም» ሲል በምሬት ሳይሆን የአየር ጠባይ እንደሚናገር ሰው ነበር። የሠራተኛው ደመወዝ በግማሽ ተቀንሷል። «ባለቤቱስ ከየት ያምጣ? እሱም የባንክ ዕዳ አለበት» ብሎ አሠሪውን ራሱ ተከላከለለት።

እራት እስኪደርስ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁትን ወፍራም የአስተያየት መዝገብ ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። የ2010 እና የ2011 ዓ.ም. ገጾች ጢም ብለው ሞልተዋል። ጀርመናዊው በጀርመንኛ፣ ጃፓናዊው በጃፓንኛ፣ ጣሊያናዊቷ በጣሊያንኛ ጽፈዋል፤ ከአሜሪካ የመጡ ወገኖቻችንም የልጆቻቸውን ስም በአማርኛ አስፍረዋል። የ2012 ዓ.ም. የገናና የጥምቀት ሰሞን ብቻውን ስድስት ገጽ ይዟል። ከዚያ መጋቢት 2012 ላይ ጽሑፉ ቀጥ ይላል።

በዚያ ወር የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ይፋ ተደረገ። ይህንንስ የዓለም ዕዳ ነው ብለን እንለፈው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ። በሐምሌ 2013 መጨረሻ ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ደግሞ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ተመላለሰች። በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም መዝገቡ ጥቂት ነፍስ ይዘራል፤ «በመጨረሻ መጣን» የሚል አንድ የቤተሰብ ማስታወሻ አንብቤያለሁ። ወራት ሳይቆጠሩ፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ፣ በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተነሣው ውጊያ ከተማዋ ድረስ ዘለቀ፤ በረራ ተቋረጠ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ እስከ ጎበኘኋት ኅዳር ድረስ የተጻፈው ሁሉ ሁለት ገጽ አይሞላም። የአገራችንን የቅርብ ዓመታት ታሪክ በዚህ ግልጽነት ያስቀመጠ ሪፖርት እስካሁን አላነበብሁም።

አንባቢ «የአንድ ሎጅ አልጋ ባዶ መሆን ለአገር ምኑ ነው? ባለሀብቱ ይክሰር» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን በባለሀብቱ አይቆምም። አልጋው ባዶ ሲሆን አንሶላ የምታጥበው ሴት ሥራ ትፈታለች። እንቁላልና ማር ይዛ ከገጠር የምትመጣው ገበሬ የሚገዛት ታጣለች። ወደ አሸተን ማርያም ለሚወጣ እንግዳ በቅሎውን የሚያከራየው አባወራ በቅሎውን ይሸጣል። ባሕር ማዶ የሚላክ መስቀል የሚቀርጸው ልጅ ወደ ዓረብ አገር የሚወስደውን መንገድ ማጠያየቅ ይጀምራል። ላሊበላ ፋብሪካ የላትም፤ የምትኖረው በእንግዳ ነው። ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ሥፍራዎች መካከል ናቸው። እንዲህ ያለ ሀብት ታቅፎ የሚራብ ሕዝብ ካለ፣ ጥፋቱን ከሀብቱ ላይ መፈለግ አይቻልም።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። መንግሥት ቱሪዝምን ከኢኮኖሚው ምሰሶዎች አንዱ አድርጎ እንደሚያይ በተደጋጋሚ ሰምተናል። በ2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» በሚል ስም ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ለማልማት ገንዘብ ተሰበሰበ፤ ያማሩ ሎጆችም ተሠሩ። እኔ ግንባታ በተነሣ ቁጥር ከሚያጉረመርሙት ወገን አይደለሁም። የሐይቅ ዳር ማረፊያ መሥራት ክፉ ሥራ አይደለም፤ በግንባታው ወቅትም ብዙ ሰው እንጀራ በልቷል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለመሆኑ ያጣነው አልጋ ነበር? ላሊበላ ላይ በየአፋፉ የተሠሩ አልጋዎች ሰው አጥተው አቧራ እየጠጡ፣ ጎርጎራ ላይ ተጨማሪ አልጋ መዘርጋቱ የትኛውን ችግር ይፈታል? ሁለቱም የሚገኙት ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ሰሜን ተራሮችን፣ አክሱምንና ላሊበላን በሚያያይዘው ታሪካዊ የጉብኝት መስመር አካባቢ ነው። መስመሩ ከተበጠሰ ዶቃው ቢጨመር አንገት ላይ አይውልም።

ዋጋው ነው እንዳንል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። በዚህም ዶላርና ዩሮ ለያዘ እንግዳ አገራችን ረክሳለች። በምጣኔ ሀብት መማሪያ መጻሕፍት መሠረት እንግዳው መጉረፍ ነበረበት። የሎጇ መዝገብ ግን ከዚያ ሐምሌ በፊትም በኋላም ያው ነው። እንግዳውን ያስቀረው ዋጋ ሳይሆን ፍርሃት ነውና፣ ፍርሃት ደግሞ በቅናሽ አይታከምም።

ስለ ውጭ እንግዳ ብዙ ተባለ፤ እኛስ? ተማሪ ሳለሁ ለገና በዓል ወደ ላሊበላ የሄድሁት በአውቶቡስ ነበር። ደሴን አልፈን ወልድያ አደርን፤ በማግሥቱ በጋሸና በኩል አቧራ ለብሰን ገባን። ለሎጅ የሚሆን ገንዘብ አልነበረኝም፤ ያደርሁት በማላውቃቸው ሰዎች ቤት ነው። የከተማዋ ሰው በባዶ እግሩ ሳምንታት ተጉዞ የመጣውን ምእመን እግር አጥቦ ያስተናግድ ነበር፤ እኔም ታጥቤያለሁ። በማለዳው ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ አለቱ ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ ያየሁት በዚያ ዕዳ በሌለበት እግር ቆሜ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሄድሁት በአውሮፕላን ነው። የሎጇ ሒሳብ፣ ለአገር ሰው ተቀንሶልኝም ቢሆን፣ የወር ደመወዜን ሩብ ያህል ወሰደ፤ የአውሮፕላኑን ቲኬት የከፈለልኝ የጋበዘኝ ወገን ባይሆን ኖሮ ጭራሽ አልሄድም ነበር። አንድ ዜጋ የገዛ አገሩን ቅርስ ለማየት የገዛ አገሩን መንገድ በሰማይ መዝለል ካለበት፣ እርሱም በአገሩ እንግዳ ሆኗል ማለት ነው።

ይህን ስል ጥፋቱን በአንድ ወገን ጫንቃ ላይ ለመጣል አይደለም። መንገድ የሚዘጋ፣ ተሳፋሪ አውርዶ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ሰው አፍኖ የሚወስድ ታጣቂ ሁሉ፣ ስለ ማን መብት ታገልሁ ቢል፣ የበቅሎ አከራዩን ጉሮሮ የሚያንቀው እርሱ መሆኑን ሊነገረው ይገባል። መንግሥትም የፖለቲካ ጥያቄን በጠመንጃ ብቻ አበርዳለሁ ባለ ቁጥር የመዝገቡን ባዶ ገጾች ያበዛል። እኛ «ምሁራን» ነን የምንባለውም ንጹሐን አይደለንም። በሎጁ ሰገነት ላይ ፎቶ ተነሥተን ለወዳጆቻችን ከላክን በኋላ ስለ መንገዱ ዝም እንላለን። እኔም በመጀመሪያው ምሽት ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እንደ እኔ እምነት መጀመሪያ መለኪያው ይቀየር። ስንት ክፍል ተመረቀ ከማለት ይልቅ፣ ስንት ዜጋ በመኪና ተሳፍሮ ላሊበላ ገብቶ በሰላም ተመለሰ የሚለው በየወሩ ተቆጥሮ ለሕዝብ ይነገር። ሁለተኛ፣ በጦርነቱ ምክንያት የከሰሩ ትንንሽ ማረፊያዎች የብድር መክፈያ ጊዜያቸው ይራዘምላቸው፤ ለአዲስ ሎጅ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ የቆሙትን ከመውደቅ ያድናል። ሦስተኛውና ትልቁ፣ ተፋላሚዎች ሌላው ሁሉ ቢያለያያቸው እንኳ ከወልድያ እስከ ላሊበላ ያለውን መንገድ ለመንገደኛ ለመተው ይነጋገሩ። ጠላቱንም እንኳ «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ካለው አሳድሮ የሚሸኝ ሕዝብ ልጆች በአንድ መንገድ መስማማት ሊያቅታቸው አይገባም።

በመጨረሻው ማለዳ ወጣቱ መዝገቡንና እስክሪብቶውን ይዞልኝ መጣ። እንደ ወጉ «ግሩም ቆይታ ነበር፤ እናመሰግናለን» ልል ነበር። እውነትም ግሩም ነበር፤ ምስጋናዬንም ጽፌያለሁ። ከበታቹ ግን ይህን ጨመርሁ፦ «በአውሮፕላን መጣሁ። ቀጥሎ ልጆቼን ይዤ በመንገድ እንድመጣ ያብቃኝ።» ወጣቱ አነበበውና «አሜን፣ ጋሼ» ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

ቸር ወሬ ያሰማን።