ሌሊት ስለሚያለቅሰው ሕፃን ከማኅበሩ ጸሐፊ የቀረበ አስተያየት



በዚህ ወር ለማኅበሩ ከቀረቡት አቤቱታዎች ሦስቱ የውሃም የቆሻሻም ጉዳይ አይደሉም። ይኸውም በአንድ ግቢ የተወለደ ሕፃን ሌሊት እያለቀሰ እንቅልፍ ነሳን የሚሉ ናቸው። እንዲያውም አንዱ አመልካች አራሷ ቤቱን ትልቀቅልኝ ብሎ ጽፏል። የዛሬ ወር የልጁን ገንፎ አብረን በልተናል እኮ! እኔ በበኩሌ ማመልከቻውን አልደግፍም።

ሕፃን አፉን አልፈታም። ራበኝም፣ በረደኝም፣ ረጠብኩም የሚለው በለቅሶ ነው። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ ታዲያ ሌሊቱን እንዴት ይዝለለው? ቀንና ሌሊት መለየት የሚጀምረውም ሁለት ሦስት ወር ካለፈው በኋላ ነው። ደግሞ ጠግቦ፣ ደርቆ፣ ጤና ሆኖም የሚያለቅስ አለ። ይህ ለቅሶ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ሳምንት ይጀምርና በ6ኛው ሳምንት ገደማ ይብሳል፣ ማለትም ልክ አራሷ አርባዋን ስታወጣ ነው። ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይተወዋል። መነሻውን ሐኪሞችም ለይተው አልጨረሱትም።

ከጩኸቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ምክሩ ነው። አንዷ እንጥሉ ወርዷል አስቆርጪው ትላለች፣ ሌላዋ ድዱ ውስጥ ክፉ ጥርስ አለ አስነቅይው ትላለች፣ ሌላዋ ስኳር በውሃ ወይም ቅቤ አቅምሺው ትላለች። ይህ ምክር በአማርኛም በሶማልኛም ይሰጣል፣ በዚህስ አንድ ነን። በምላጭ የተቆረጠ ሕፃን ደም ይፈሰዋል፣ መንጋጋ ቆልፍም ሊይዘው ይችላል። እስከ 6 ወር ድረስ ደግሞ ሐኪም ካላዘዘ በቀር ከእናት ጡት ሌላ፣ ውሃም ቢሆን፣ አያስፈልገውም።

እናትየው በጣም ከደከማትና ከተናደደች በጀርባው አስተኝታው ትንሽ ወጣ ትበል እንጂ ልጁን በፍጹም እንዳትንጠው፤ መናጥ አንጎሉን ይጎዳል። ጎረቤትም ግድግዳ ከመደብደብ ገባ ብሎ ለግማሽ ሰዓት ቢያቅፍላት ምን አለበት?

ሆኖም ሕፃኑ ካተኮሰው፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሰገራው ደም ካለው ንጋት አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ነው። ባጃጅ ያላችሁ ወንድሞች፣ በዚያ ሰዓት በራችሁ ሲንኳኳ እስከ ካራማራ ሆስፒታል አድርሱልን። ሒሳቡን ጠዋት ከማኅበሩ ጋር እንነጋገራለን።

አመልካቾቹ እሑድ ስብሰባ ላይ ተገኝተው ያስረዱ። አራሷ ግን አርባዋ ሳይወጣ አትጠራም።