ወይን የሌለበት ዳገት

ለዓይን የሚማርክ የሩጫ መንገድ የሚገኘው ከተማ ለቅቆ ሲወጣ ነው የሚለው አስተሳሰብ በእኛም ዘንድ ሥር እየሰደደ ነው። ነገሩ ሁልጊዜ የሚነሳው ከአንድ ሥዕል ነው፦ ግራና ቀኝ በመስመር የተተከለ የወይን ተክል፣ በመካከሉ የአፈር መንገድ፣ ከወዲያ ኮረብታ፣ በኮረብታው ሥር ተዝናንተው የሚሮጡ ጥቂት ሰዎች። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ዝዋይ ላይ ወይን አለን፣ ሯጭ ሞልቶናል፣ ታዲያ ምን ቀረን? አዲስ አበባ ውስጥ ጊዮርጊስ አካባቢ የሚኖር ሰው ደግሞ ከአስፋልትና ከጭስ በቀር ምንም እንደሌለው ተቆጥሮ ከሥዕሉ ውጭ ይደረጋል። ይህ አመለካከት ስለ ወይኑም፣ ስለ ኮረብታውም፣ ስለ ሯጩም የተሳሳተ ነው። ከሁሉ ይልቅ የተሳሳተው ግን ስለ ጊዮርጊስ ነው።

ከወይኑ እንጀምር። ሥዕሉን ዓለም ያወቀው በዋናነት ከፈረንሳይ ነው። በቦርዶ አቅራቢያ ባለው ሜዶክ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በእኛ አቆጣጠር በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ የማራቶን ውድድር ይካሄዳል። ሯጮቹ ለጨዋታ የተዘጋጀ ልብስ ለብሰው በወይን እርሻዎች መካከል ያልፋሉ፤ ውሃ በሚታደልበት ቦታ ወይን ጠጅም ይቀርብላቸዋል። ሆኖም ሜዶክ ኮረብታ የሚባል አገር አይደለም፤ ምድሩ ከባሕር ወለል በላይ ጥቂት አሥር ሜትሮች ብቻ ከፍ ያለ ሜዳ ነው። ወደ እኛ ስንመጣም ነገሩ ያው ነው። የጊዮርጊስ ቢራን እ.ኤ.አ. በ1998 የገዛው የቦርዶው ኩባንያ ካስቴል ዝዋይ ላይ ወይን ተክሎ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚባሉትን ወይን ጠጆች ለገበያ አቅርቧል። እርሻው ያለው በስምጥ ሸለቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሐይቅ ዳር ሜዳ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ጉማሬ እንዳይገባበት ዙሪያው ቦይ ተቆፍሮለታል። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ወይን የሚለማበት መርቲም ቆላ ነው። ወይን ሙቀትና ደረቅ አየር ይወዳል። ሯጮቻችን የወጡበትና የሚሠለጥኑበት አገር ደግሞ ደጋ ነው፤ በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ሱሉልታ 2,700 ገደማ፣ የእንጦጦ አናት ከ3,000 በላይ። ወይኑና ዳገቱ በእኛ ምድር አይገናኙም። ሥዕሉን እንዳለ ወደ አገር ቤት እናምጣው የሚል ሰው በአንድ ሺህ ሜትር ከፍታ የተራራቁ ሁለት አገሮችን በአንድ ወረቀት ላይ እየሳለ ነው።

ሜዶክ የሚያስተምረን ነገር የለም ማለቴ አይደለም። እዚያ መንገዱን ያሳመረው ወይኑ ሳይሆን በሩ ነው። ባለእርሻዎቹ በዚያ ቀን ግቢያቸውን ይከፍታሉ፤ በሌላ ቀን አጥር የሆነው ነገር ለእግረኛ መንገድ ይሆናል። የውበቱ ሥር እግር የሚያልፍበት ክፍት ምድር መኖሩ ነው። ቦይ የተቆፈረለት የንግድ እርሻ ውስጥ ሰው ተጋብዞ፣ ከፍሎ፣ በዓመት አንድ ቀን ይሮጥ ይሆናል። ሯጭ ግን የሚፈልገው ዓመቱን ሙሉ፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ የሚወጣበትን መንገድ ነው።

ሌላም የተለመደ ክርክር አለ። የእኛ ሯጭ ዙሪያውን አያይም፤ ከፍታው፣ ድህነቱና ጽናቱ ይበቃዋል፤ ለዓይን የሚያምር መንገድ የቱሪስት ቅንጦት ነው ይባላል። ይህን የሚል ሰው የሯጮቻችንን ልምምድ ቀርቦ አላየም። አሠልጣኞቻችን ቦታ ይመርጣሉ፣ ያቀያይራሉም። ፈጣን የአስፋልት ሥራ ሲያስፈልግ ዝቅ ብለው አቃቂ ይወርዳሉ፤ ኮሮኮንች ሲያምራቸው ወደ ሰንዳፋ ይወጣሉ፤ እግር ማፍታቻውና ዳገቱ ደግሞ እንጦጦ ነው። አዲስ አበባ ከሯጮች ጋር እየኖረና እየሮጠ ያጠናው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ማይክል ክሮውሊ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ሯጮቻችን ስለ እያንዳንዱ ቦታ አየርና መሬት ምን ያህል ተጨንቀው እንደሚያወሩ በዝርዝር ጽፏል። ጫካ ውስጥ ሲሮጡ ማየት ይበቃል። መሪው ከዛፍ ዛፍ እየተጠማዘዘ መንገድ ያወጣል፣ የኋላው የፊተኛውን እግር ተከትሎ ይረግጣል፣ ሥርና ድንጋይ ሲመጣ የፊተኛው በእጁ ጠቁሞ ለኋላኞቹ ያሳያል። ዓይኑን የማይጠቀም ሰው በዚያ ጫካ መቶ ሜትር አይሄድም። አበበ ቢቂላም በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈበት ጎዳና፣ ያኔ እዚያ ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር። ለክብር ዘበኛው ወታደር ያ ሐውልት ተራ ድንጋይ ነበር ብሎ የሚከራከር ካለ ይከራከር።

አሁን ወደ ጊዮርጊስ እንመለስ። ከአድዋ ድል በኋላ የታነጸው ስምንት ማዕዘኑ ካቴድራልና የምኒልክ ፈረስ ያሉበት አደባባይ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ሰው መጀመሪያ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይወርዳል፤ እግሩ ሳይሞቅ ትንፋሹ ይከፈትለታል። ድልድዩን ተሻግሮ በአፍንጮ በር ሽቅብ ሲል የመጀመሪያው ፈተና ይመጣል፤ ዳገቱ አጭር ቢሆንም ጉልበት ይጠይቃል። ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት ይቀበለዋል። ወደ ቀኝ ጥቂት ቢታጠፍ አገር አቀፉ የአገር አቋራጭ ውድድር ሲካሄድበት የኖረው ጃንሜዳ አለ። ቀጥ ብሎ በዩኒቨርሲቲው አጥር ወደ ሰሜን ከሄደ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ይደርሳል፤ ሱቆቹ ሲከፈቱ ነጠላውና ጥበቡ ግራና ቀኝ ተሰቅሎ ነፋስ ሲያወዛውዘው ይታያል። ከሽሮ ሜዳ በላይ አስፋልቱ መጠማዘዝ ይጀምራል፣ የባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣል፣ ትንፋሽም ይከብዳል። እንጦጦ ማርያም ሲደርስ ከጊዮርጊስ ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቷል፤ የሮጠው ርቀት ግን 10 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዞር ሲል ከተማዋ በሙሉ ከእግሩ ሥር ናት፤ ሰማዩ ከጠራ በደቡብ በኩል የዝቋላ ተራራ ይታያል። በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ አደባባይ፣ ወንዝ፣ ገበያ፣ ጫካና ተራራ የሚያሳይ የወይን አገር መንገድ የት አለ?

ይህ ዳገት ከመልኩ ሌላ ታሪክም አለው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እንጦጦ ማርያም ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ቤተ መንግሥቱና ሕዝቡ ብርዱንና የውሃ ችግሩን ሸሽቶ ከዚያ ተራራ ወደ ፍልውሃ ሲወርድ ነው። ከጊዮርጊስ ተነስቶ እንጦጦ የሚወጣ ሯጭ ከተማዋ የወረደችበትን አቅጣጫ ሽቅብ ይመለስበታል። ጫካውም ቢሆን እንዲያው የበቀለ አይደለም። ከተማዋ ዙሪያዋን ያለውን ዛፍ ማገዶ አድርጋ ስትጨርስ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ መጥቶ ተተከለላት። የወይን እርሻ ውብ የሚባለው የሰው እጅ በተዳፋት ላይ በመስመር ስለተከለው ከሆነ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍም በዚያው ሚዛን ይመዘን። በጫካው ውስጥ ያለውን ቀጭን የእግር መንገድ ማን አወጣው? ማዘጋጃ ቤት አላወጣውም። ከቁመቷ የሚረዝም የቅጠልና የጭራሮ ሸክም በወገቧ ላይ በገመድ አስራ፣ ፊቷን ወደ መሬት ደፍታ፣ ቁልቁል ወደ ሽሮ ሜዳ የምትወርደው እናት ናት ያወጣችው። እሷና እሷን የመሰሉ ሴቶች ለብዙ አሥርት ዓመታት ረግጠው ያለሰለሱትን አፈር ዛሬ ሯጩ ለጉልበቱ ብሎ ይመርጠዋል። የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያመጡ እግሮች በእንጨት ተሸካሚዎች መንገድ ላይ ሠልጥነዋል። ስለ ሩጫችን ሲጻፍ ይህ ውለታ መቆጠር ነበረበት።

የሚነሱትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። ጭሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጭስ ከመኪና እንጂ ከዳገቱ አይወጣም። ጅብና ውሻ አለ ይባላል፤ ሯጮቻችን በቡድን የሚወጡት ለዚህም ነው። ለተራ ሰው ዳገቱ ይከብደዋል የሚለውን ደግሞ ያን መንገድ በየቀኑ ተሸክመው ለሚመላለሱት እናቶች ሄዶ መንገር ነው። የዝዋዩ ሐሳብ የቱሪዝም ገቢ ያመጣል ለሚሉም መልሱ አጭር ነው፤ ያምጣ፣ ይሮጥበት፣ ማንም አይከለክልም። ጥፋት የሚሆነው ያ ሥዕል ከደጃችን ያለውን መንገድ ሲያስረሳን ነው፤ የተረሳ ሜዳ ደግሞ በቀላሉ ይወሰዳል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር ሯጩ ሜዳውን አጣ። ችግሩ አስገዳጅ ነበር፤ ጥምቀት ሲደርስ ሜዳው ለበዓሉ ጸዳ። ለታቦቱ የሚከራከርለት ሕዝብ ነበረው፤ ለሯጩ ግን ድምፁን ያሰማ ሰው ጥቂት ነበር። ለዓይን የሚያምር መንገድ ዝዋይ ነው፣ ሱሉልታ ነው፣ ፈረንሳይ ነው እያልን ስንኖር ከቤታችን አጠገብ ላለው መንገድ ጠበቃ እናሳጣዋለን።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለከተማ አስተዳደሩ በግልጽ ላቅርብ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ በወር አንድ እሑድ ጎዳና ለእግረኛ መክፈት ጀምራ ነበር፤ አሠራሩ አዲስ አይደለም። ከጊዮርጊስ አደባባይ በራስ መኮንን ድልድይ፣ በስድስት ኪሎ፣ እስከ ሽሮ ሜዳ ያለው መንገድ በየሳምንቱ እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ለመኪና ይዘጋ። ቅዳሴ ለሚሄዱ አዛውንትም የሚመቸው ይኸው ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው የጫካ መንገድ ደግሞ አስፋልት አይልበስ፣ አይታጠር፤ አፈሩ አፈር ሆኖ ይቆይ።