ስለ አሮጌው የስፌት መኪናና ስለ ጠረጴዛው

በዚህ ጋዜጣ ላይ ዘወትር የሚጻፈው ስለ ቡና፥ ስለ ቆዳና ስለ ቅባት እህል ስለሆነ፥ ስለ አንድ አሮጌ የስፌት መኪና ጠረጴዛ ማውራቴ ለአንዳንዶቻችሁ እንደ ቀልድ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ የነጋዴ ስም የሚፈተነው በትልቁ ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን በትንሹም ጭምር ስለሆነ ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በከተማችን በአዲስ አበባ የአሮጌ ዕቃ ፈላጊ በዝቷል። ቡና ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያዎች፥ ከውጭ አገር ለዕረፍት የሚመጡ ወገኖቻችንም ጭምር፥ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪና እየጠየቁ ይገዛሉ። ለቀደመው ዘመን ዕቃ ፍቅር ማሳየት የሚነቀፍ ነገር አይደለም። የሚነቀፈው ዕቃው የሚሸጥበት መንገድ ነው። ሻጩ መኪናውን ከጠረጴዛው ይለያል፤ በብረት እግሩ ላይ እብነ በረድ ተጭኖ የቡና ጠረጴዛ ይሆናል፤ ጭንቅላቱ በመስኮት ላይ ለጌጥ ይቀመጣል፤ መሳቢያዎቹም የአበባ ማስቀመጫ ይሆናሉ። አንድ ሆኖ ሳለ ለአንድ ቤተሰብ እንጀራ ይሆን የነበረው ዕቃ፥ በሦስት ሲከፈል ለማንም እንጀራ የማይሆን ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ክረምት የገጠመኝ ነገር ነው። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ በጨርቅ የተጠቀለለ የመኪና ጭንቅላት ታቅፈው ወደ መደብራችን መጡ። ይሠሩበት የነበረው በረንዳ በፈረሰ ጊዜ የብረት እግሩን በአደራ ያስቀመጡበት ሰው ለአሮጌ ዕቃ ገዥ ሸጦባቸው ኖሮ፥ ምናለሽ ተራን ሁለት ቀን ሙሉ ዞረው የተጠየቁት ዋጋ ለጌጥ ገዥ የተተመነ ስለሆነ ከአቅማቸው በላይ ሆነባቸው። «ልጄ፥ ጭንቅላቱ አለኝ፤ እግር ብቻ ነው ያጣሁት» አሉኝ። እኔም መዝገቤን ብገልጥ፥ ከዚያ ቀደም ባለው ወር ሁለት የብረት እግሮች ያለ ጭንቅላታቸው ለአንድ ቡና ቤት እንደሸጥን፥ ደረሰኙንም በገዛ እጄ እንደጻፍሁ አገኘሁ። ሽማግሌውን ባዶ እጃቸውን ከመሸኘት በቀር ምንም ላደርግላቸው አልቻልሁም።

እንግዲህ ሰው ይህን ዕቃ የሚያፈርሰው ለምንድን ነው ቢባል፥ ዋናው ምክንያት የዋጋውን ምንጭ አለማወቅ ነው። ብዙ ሰው አሮጌ የሆነ ሁሉ ብርቅ ይመስለዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። አይዛክ ሲንገር የስፌት መኪናውን ፓተንት ያወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1851 ዓ.ም. ነው። የንግድ ሸሪኩ ኤድዋርድ ክላርክ በ1856 ዓ.ም. መኪናውን ጥቂት በጥቂት እየከፈሉ መውሰድ የሚቻልበትን ውል ስላስጀመረ፥ በአንድ ጊዜ ዋጋውን መክፈል የማይችል ቤተሰብ ሁሉ ደንበኛ ሆነ። ኩባንያው ለጠረጴዛዎቹና ለመሳቢያዎቹ ብቻ በአሜሪካ፥ በኢንዲያና ግዛት፥ ሳውዝ ቤንድ በተባለችው ከተማ የእንጨት ፋብሪካ አቋቋመ፤ በዚያ አካባቢ የዋልነትና የኦክ እንጨት እንደ ልብ ይገኝ ነበርና። በስኮትላንድ፥ በክላይድባንክ የነበረው ፋብሪካ ደግሞ በ1913 ዓ.ም. ብቻ ወደ 1 ሚሊዮን 300 ሺህ የሚደርሱ መኪናዎች እንዳወጣ ይነገራል። ይህ ፋብሪካ በ1980 ዓ.ም. ተዘግቷል። ሥራው ግን ዛሬም በዓለም ዙሪያ በየቤቱ ይገኛል። ስለዚህ ጥቁሩና የወርቅ ቀለም ሐረግ ያለበት መኪና ዕድሜው መቶ ዓመት ቢሆንም እንኳ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ብርቅ አይቈጠርም። በዕድሜው ብቻ ሀብት አገኛለሁ የሚል ሻጭ ራሱን ያታልላል፤ ይህን ተስፋ ለደንበኛው የሚሸጥ ነጋዴ ደግሞ ሌላውን ያታልላል።

ወሬ ገበያን እንዴት እንደሚያሳብድ ለማየት የ2009 ዓ.ም.ን የሳዑዲ ዐረቢያ ነገር ማስታወስ ይበቃል። በአሮጌ የሲንገር መኪናዎች ውስጥ «ቀይ ሜርኩሪ» የሚባል ውድ ነገር አለ የሚል ወሬ ተነዛና፥ በአንዳንድ ቦታ ለአንድ መኪና እስከ 200 ሺህ ሪያል ድረስ እንደተጠየቀ የዜና ወኪሎች ዘገቡ። በመኪናው ውስጥ ግን ከብረትና ከዘይት በቀር ምንም አልነበረም። ወሬው ሲበርድ ዋጋው ወረደ፤ በመጨረሻ የገዛው ሰው ብቻ ከነዕዳው ቀረ።

ታዲያ የዕቃው እውነተኛ ዋጋ ከወዴት ይመጣል? በእኔ አስተያየት ከሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም ከሙሉነቱ፥ ከመሥራቱና ስለ እርሱ ከሚነገረው እውነት። ሙሉ ነው የሚባለው ጭንቅላቱ፥ ጠረጴዛው፥ መሳቢያዎቹ፥ የብረት እግሩ፥ ፔዳሉ፥ ትልቁ መንኮራኩር፥ ፔዳሉን ከመንኮራኩሩ የሚያያይዘው ዘንግና ቺንጋው ሲገኙ ነው። መሥራቱ የሚታወቀው ፔዳሉ ተረግጦ፥ በጨርቅ ላይ ተሰፍቶ ነው። መርፌውም ይመርመር፤ በ1865 ዓ.ም. ከወጣው «ኒው ፋሚሊ» ከተባለው ዐይነት የሚገጥመው መርፌ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም፤ 15 ቁጥር የተባለው መኪና ግን ዛሬም በየሱቁ በሚሸጠው መርፌ ይሠራል። ዕድሜውን በተመለከተ፥ ኩባንያው ለእያንዳንዱ መኪና ቁጥር ይሰጥ ስለነበረ ዘመኑን በግምት መናገር አያስፈልግም፤ በጠቅላላው ቁጥር ብቻ ያለበት ከ1900 ዓ.ም. በፊት፥ ከቁጥሩ በፊት ፊደል ያለበት ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። እንጨቱን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥሩም ማየት ይገባል፤ ነቀዝ የሚጀምረው ከማይታየው ወገን ነው። የወርቅ ቀለሙንም በአልኮል መወልወል ጌጡን ያጠፋዋልና ጥቂት የመኪና ዘይትና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

እኔም ይህን ያወቅሁት በኪሳራ ነው። አሠሪዬ ለአንድ ደንበኛ መኪና ከነጠረጴዛው እንድገዛ በላኩኝ ጊዜ፥ ሻጩ «ሙሉ ነው» ሲለኝ እኔም በደረሰኙ ላይ «ሙሉ» ብዬ አጻፍሁ። ዕቃው መደብር ሲደርስ ጠረጴዛው የአንዱ፥ እግሩ የሌላው ሆኖ ተገኘ፤ የመንኮራኩሩ ዘንግም አልነበረም። ሻጩን ብንጠይቀው «ሙሉ ማለት ያየኸው ነው» አለ። በወረቀቱ ላይ የክፍሎቹ ዝርዝር ስላልነበረ የምንከራከርበት ነገር አጣን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

አንዳንዱ «ንብረቱ የባለቤቱ ነው፤ ቈርጦ ቢሸጠው ማን ያግደዋል?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፥ ማንም አያግደውም። ጭንቅላቱ ተሰብሮ የማይጠገን ከሆነም የብረት እግሩ ወደ ማቅለጫ ከሚገባ ይልቅ የቡና ጠረጴዛ መሆኑ ይሻላል። የምቃወመው በደኅና የሚሠራውን ማፍረስ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የሞተር መኪና ሥራ ሲያቆም፥ በእግር የሚረገጠው ግን መስፋቱን አያቋርጥም። ይህን ዕቃ የሚፈልግ ሠራተኛ በአገራችን ገና ብዙ ነው። ሙሉው ዕቃ ሁለት ዐይነት ገዥ አለው፤ የሚሰፋበትም የሚያጌጥበትም ይፈልገዋል። የተቈራረጠው ግን ያለው አንድ ዐይነት ገዥ ብቻ ነው፤ ያም የዘመኑ ፋሽን ሲለወጥ ይሄዳል።

ስለዚህ ለምክር ቤታችን አባላት የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። አንደኛ፥ የሚሠራ መኪና ከነጠረጴዛውና ከነእግሩ ሳይነጣጠል ይሸጥ። ሁለተኛ፥ በደረሰኙ ላይ የመኪናው ቁጥርና የክፍሎቹ ዝርዝር አንድ በአንድ ይጻፍ፤ የጐደለ ወይም ከሌላ መኪና የመጣ ካለም ይገለጽ። ሦስተኛ፥ ባለቤት የሌለው እግር ወይም ጭንቅላት በመደብራችሁ ሲገኝ፥ ለጌጥ ገዥ ከመስጠታችሁ በፊት የሰፈሩን ልብስ ሰፊዎች ጠይቁ። ወደ ውጭ አገር የምትልኩም ብትሆኑ ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ፈትታችሁ በአንድ ሣጥን ውስጥ በየክፍሉ አሽጉት፤ እግሩ ከተቀለጠ ብረት በቅርጽ የፈሰሰ ስለሆነ ከወደቀ ይሰነጠቃል፥ ሲበየድም በቀላሉ አይያያዝም።

በእኛ መደብር ከዚያ ክረምት ወዲህ ይህ ልማድ ተጀምሯል። አሠሪዬም ሁለት የብረት እግሮች በመጋዘን አስቀምጠው፥ ያ ሽማግሌ ወይም እንደ እርሳቸው ያለ ሰው ቢመጣ በተገዙበት ዋጋ እንዲሰጡ አዘዋል። ሽማግሌው እስካሁን አልተመለሱም። የሚያውቃቸው አንባቢ ቢኖር እግሩ እንደሚጠብቃቸው ይንገርልኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፥ በእውነት የተሸጠ ዕቃ ትርፉ ቢዘገይም ለነጋዴው ስም ሆኖ ይመለሳል።