ለገና ጌጥ ከጓዳ

የላሊበላ ሆቴሎችና ቡና ቤቶች ለገና የፕላስቲክ ጥድ ከሚገዙ ጓዳቸውን ቢፈትሹ ይሻላል። ታኅሣሥ 29 በላሊበላ የጌታ ልደት ብቻ ሳይሆን የንጉሥ ላሊበላም ልደት የሚከበርበት ቀን ነው፤ በቤተ ማርያም የካህናቱን ሽብሸባ ለማየት አገር አቋርጦ የመጣ እንግዳ አብረቅራቂ ወረቀት የትም ያገኛል። ጠርዙ የተበላ ሰፌድ ግን ማንጠርጠር ቢያቅተውም ስንደዶና አክርማው ቀለሙን አልለቀቀም፤ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ያምራል። አንገቱ የተሰበረ ጀበና ቄጤማ ይይዛል፤ ከንፈሩ የተሸረፈ ሲኒም ጧፍ ያቆማል።

«የተሰበረ ዕቃ ለበዓል ነውር ነው» የሚል አይጠፋም። ለማቅረቢያ ከሆነ እውነቱን ነው፤ በተሸረፈ ሲኒ ለእንግዳ ቡና አይቀዳም። ታጥቦና ተወልውሎ የተሰቀለ ሰፌድ ግን የባለሙያ እጅ ያሳያል እንጂ ድህነት አያሳብቅም። የሰፌድ ሰፊዎችን ገበያ ይዘጋል የሚለው ስጋትም አያሳምነኝም፤ አሮጌው ዓይኑን የሳበው እንግዳ አዲሱ የት እንደሚሸጥ መጠየቁ አይቀርም።