ወረቀቱ ኬኩን እንዳይዝብን

በዚህ አምድ ስለ ቤት ሙያ እንጨዋወታለን። የዛሬው ጨዋታችን ስለ ትንሿ ኬክ ነው። በደሴ ፒያሳ በኬክ ቤት መስተዋት ውስጥ ተደርድራ የምናያት፣ የወረቀት ልብስ የለበሰችው ኬክ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማሪዎቻችን አንዷ፣ የልጅ ልጅ ያዩ እናት፣ ሰኞ ዕለት እንቁላል ሸጠው ሲመለሱ በፒያሳ በኩል አለፉ። ለልጅ ልጃቸውም አንድ ባለ ወረቀት ኬክ ገዙ። ልጁ ወረቀቱን ሲልጠው አንድ ፍርፋሪ እንኳ ሳይዝ ተላቀቀ። እሳቸውም ይህን አስተዋሉ። «ይህንንማ እኔም እጋግረዋለሁ። ገበያ አውጥቼም እሸጠዋለሁ» አሉ በልባቸው።

ከቤት እንደገቡ ሦስት የሰልሳ ጣሳ አጠቡ። ዱቄቱን በውሃና በስኳር አቦኩ። ጣሳው ውስጥ የሚያነጥፉት ወረቀት ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ከደብተራቸው አንድ ገጽ ቀደዱ። ያ ገጽ ፊደል የጻፉበት ገጽ ነበር።

በማግስቱ ኬኩን ይዘው ወደ ትምህርት መጡ። ወረቀቱን ብንስበው እንቢ አለ። የኬኩ ግማሽ ከወረቀቱ ጋር ወጣ። የወረቀቱ ግማሽ ደግሞ ኬኩ ላይ ቀረ። በኬኩ ጎንም የእስክሪብቶው ቀለም ታትሞ ነበር። ፊደሎቹ ተገልብጠው ስለ ታተሙ፣ ከ«ሀ» በቀር ለማንበብ አስቸገረን። ክፍሉ ሳቀ። እኚያ እናት ግን አልሳቁም። «ዱቄቴም ሄደ፣ ደብተሬም ሄደ እኮ ልጆቼ!» አሉ።

እኛም «አብሽሩ እትዬ፣ አብረን ምክንያቱን እንፈልግ» አልናቸው።

«እንጀራ ሲጋግሩ መጀመሪያ ምጣዱን ምን ያደርጉታል?» ብለን ጠየቅናቸው። «በጎመን ዘር አስሰዋለሁ። አለዚያማ ይይዛል!» አሉ። ወዲያው ደግሞ ቆም አሉና «ለካ ወረቀቱንም ማሰስ ነበረብኝ!» አሉ። መልሱን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ብዙ ነገር ተምረናል፤ ምጣድ ግን አስሰን አናውቅም።

አሁን ምክንያቱን እንመልከት። ተራ ወረቀት የሚሠራው ከእንጨት ጭረት ነው። ውሃ ይጠጣል። እርጥብ ሊጥ ሲነካው ሊጡ ወደ ውስጡ ይሰርጋል። ከዚያ እሳቱ ሲያደርቀው አንድ ላይ ይጣበቃል። ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው በምንድን ነው? ብዙ ጊዜ በዱቄትና በውሃ ነው። ዱቄትና ውሃ ሙጫ ነው። እኚያ እናትም ሳያውቁት ኬካቸውን በወረቀቱ ላይ ለጥፈውት ነበር።

ቅባት ግን ውሃን አያስገባም። ወረቀቱ ዘይት ከተቀባ ሊጡ ወደ ውስጥ መስረግ አይችልም። ሊጡ ውስጥም ዘይት ከገባ መያዙ ይቀንሳል። በውሃ ብቻ የተቦካ ኬክ ግን አብዝቶ ይይዛል። ለመጋገሪያ ተብሎ የሚሸጠው ወረቀት ደግሞ ተራ ወረቀት አይደለም። ቅባት እንዳያሳልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሲሊኮን የሚባል የማያጣብቅ ነገር የተቀባም አለ።

በሚቀጥለው ትምህርት ሁላችንም ሆነን ሞከርነው። ሊጡ አንድ ነው፤ ጣሳው ግን ሦስት ነው። በመጀመሪያው ጣሳ ደረቅ ነጭ ወረቀት አነጠፍን። በሁለተኛው ዘይት የተቀባ ወረቀት አነጠፍን። በሦስተኛው ኮባ አነጠፍን። ኮባውን ያመጡት እኚያው እናት ናቸው። «ድፎ የምንደፋው በኮባ አይደለም ወይ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። በደቡብ ያሉ ወገኖቻችን ከዚሁ ተክል ቆጮ ይሠራሉ፤ እንሰት ይሉታል። እኛ ዘንድ ቅጠሉ ለዳቦ ነው። የኮባ ቅጠል ገላው እንደ ሰም ያለ ልስላሴ አለው። ውሃ ቢፈስበት ይንሸራተታል እንጂ አይጠጣም።

ውጤቱን እንንገራችሁ። ደረቁ ወረቀት እንደ ፊተኛው ያዘ። ዘይት የተቀባው ጥቂት ፍርፋሪ ብቻ ይዞ ተላጠ። ኮባው ግን ልጥጥ ብሎ ወጣ። መዓዛውም ክፍሉን ሞላው።

ሌላም የተማርነው ነገር አለ። ኬኩ ከእሳት እንደ ወጣ ወረቀቱን አትላጡ። ትኩስ ኬክ ገና ለስላሳ ስለ ሆነ ይቀደዳል። በጣሳው ውስጥ እስኪበርድ መተውም ጥሩ አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። በብርድ እንፋሎቱ ቶሎ ውሃ ይሆናል። የድስት ክዳን እንደሚያልበው ጣሳውም ያልበዋል፤ ወረቀቱም ይርሳል። ስለዚህ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁና ከጣሳው አውጡት። ሰፌድ ላይ አኑሩት። ሲበርድ ላጡት።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

2 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት
ግማሽ ብርጭቆ ስኳር
2 እንቁላል
1 ብርጭቆ ወተት
ግማሽ ብርጭቆ ዘይት
2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር
ቁንጥር ጨው

አሠራሩም ይህ ነው፦

1. ኮባውን እጠቡ። ወፍራሙን አጥንት አውጡ። ቅጠሉን እሳት ላይ አለፍ አለፍ አድርጉት፤ ይለሰልሳል፤ ሲታጠፍም አይሰነጠቅም።
2. ጣሳው ውስጥ አንጥፉት። ኮባ ከሌለ ጣሳውን ዘይት ቀቡና ዱቄት ነስንሱበት። ያለ ወረቀትም ይጋገራል።
3. ደረቁን ለብቻ፣ እርጥቡን ለብቻ ቀላቅሉ። ከዚያ አንድ ላይ አድርጉ። ብዙ አትምቱት።
4. ጣሳውን እስከ ግማሹ ብቻ ሙሉት። ኬኩ ይነፋል።
5. ጣሳዎቹን በብረት ድስት ውስጥ ደርድሩ። ድስቱን ክደኑ። ከታች ፍም፣ ከክዳኑም ላይ ፍም አድርጉ።
6. ከ25 ደቂቃ በኋላ በስንጥር ውጉት። ስንጥሩ ደረቅ ሆኖ ከወጣ በስሏል። ያልበሰለ ኬክ ሁልጊዜ ይይዛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የተጻፈበት ወይም የታተመበት ወረቀት ከምግብ ጋር አይገናኝ። የደብተርም ሆነ የጋዜጣ ቀለም ለመብል የተሠራ አይደለም። ሙቀትና ዘይት ደግሞ ቀለሙን ወደ ምግቡ ያስገቡታል። በህንድ አገር በ2009 ዓ.ም. የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ሕዝቡ ምግብ በጋዜጣ እንዳይጠቀልል አስጠንቅቋል። ይህችንም ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አውሷት እንጂ ዳቦ አታንጥፉባት። የቀለምና የመድኃኒት ቆርቆሮም ለመጋገሪያ አይሁን።

እኚያ እናት በቀጣዩ ሰኞ 12 ኬክ በኮባ ጋግረው ገበያ ወጡ። አንዱም አልተመለሰም። ማታ ወደ ትምህርት ሲመጡ አዲስ ደብተር ይዘዋል። የገዙት በኬኩ ገንዘብ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በገዛ እጃቸው እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ደብተር ለጽሕፈት። ኮባ ለዳቦ።» «ለ» የሚለው ፊደል ትንሽ ተንጋዶባቸዋል። እኛ ግን አላረምነውም፤ በደንብ ይነበባል።

ካነበባችሁ በኋላ መልሱን ጻፉ፦

1. ደረቅ ወረቀት ኬኩን ለምን ያዘው?
2. ኬኩ ከእሳት ከወጣ በኋላ ስንት ደቂቃ ይጠበቃል?
3. እናንተ ምጣዳችሁን በምን ታስሳላችሁ?