5 ዶላር የገዛው ነፃነት

ባለፈው ሰሞን አጎቴ ከዋሽንግተን ለእረፍት መጥቶ እኛ ቤት ሰንብቶ ነበር። አንድ ምሽት ከስልኬ የሚወጣውን ሙዚቃ ሰምቶ «ይሄ ደግሞ የምን ጩኸት ነው?» አለኝ።

«ፉጋዚ ይባላሉ ጋሼ። የአንተው ከተማ ልጆች ናቸው» አልኩት።

ስማቸውን ሰምቶ አያውቅም። መስከረም 3 ቀን 1987 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የመጀመሪያ ኮንሰርታቸውን ያቀረቡበትን ዊልሰን ሴንተር የሚባል አዳራሽ ፎቶ ሳሳየው ግን ሳቁ መጣ። በዚያ ዘመን ታክሲ እየነዳ የሚኖረው ከአዳራሹ ብዙም በማይርቀው አዳምስ ሞርጋን ነበር፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት 18ኛው ጎዳና አካባቢ። «ፀጉራቸውን የተላጩ ልጆች ከዚህ በር ላይ ጭኜ አውቃለሁ» አለኝ። «ጉርሻ የሚባል ነገር አያውቁም!»

የፉጋዚ ኮንሰርት መግቢያ ብዙውን ጊዜ 5 ዶላር ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚች 5 ዶላር ነው።

የዚህ ባንድ ታሪክ ሲነገር አብዛኛው ሰው አራቱን ልጆች ገንዘብ የሚጠሉ መናኞች አድርጎ ያቀርባቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። እንደ እኔ እምነት ፉጋዚዎች ገንዘብ አልጠሉም። እንዲያውም ከብዙዎቹ የዘመናቸው ሙዚቀኞች በተሻለ ሒሳብ ያውቁ ነበር። ርካሹ ትኬት ምጽዋት አልነበረም። የሥራቸው ባለቤት ሆነው የቆዩበት ዘዴ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ኢያን ማካይ የዋሽንግተን ልጅ ነው። ገና በአፍላነቱ ቲን አይድልስ የሚባል የፓንክ ባንድ ውስጥ ይጫወት ነበር። እነዚህ ልጆች ከየኮንሰርቱ ያገኟትን ሳንቲም አልተከፋፈሉም፤ አንድ ሣጥን ውስጥ አጠራቀሙ። በ1980 ባንዱ ሲፈርስ 600 ዶላር ገደማ ተገኘ። ለአራት ተካፍሎ መለያየት ይቻል ነበር። እነሱ ግን በብሩ የራሳቸውን ዘፈኖች 1 ሺህ ሸክላ አሳተሙበት። ሽፋኑን በእጃቸው ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በሙጫ አጣብቀው ሸጡት። ማካይና ጓደኛው ጄፍ ኔልሰን የመሠረቱት ዲስኮርድ የሚባለው አሳታሚ እንዲህ ተወለደ። የሚያሳትመው የዋሽንግተን አካባቢ ባንዶችን ብቻ ነው። የጽሑፍ ውል የለም፤ ትርፉን መካፈል ነው።

በዚያው ዘመን የተማሩት ሌላ ነገር አለ። የሙዚቃ ክለቦች መጠጥ ስለሚሸጡ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ አይገባም ነበር። መድረክ ላይ የሚጫወተው ልጅ ራሱ ዕድሜው አልደረሰም እኮ! መፍትሔው ቀላል ሆነ፦ የልጆቹ እጅ ላይ በጥቁር ቀለም ትልቅ «ኤክስ» ይደረጋል፣ ባሬስታው አይቶ መጠጥ አይሸጥላቸውም፣ እነሱም ገብተው ሙዚቃቸውን ይሰማሉ። ማካይ ከዚያ በኋላ በመሠረታቸው ባንዶች ሁሉ አንድ ጥያቄ ሲከተለው አያለሁ፦ ከበሩ ውጭ የቀረው ማን ነው?

ፉጋዚ ሲመጣ የዚህ ጥያቄ መልስ ሁለት ሕግ ሆነ። አንደኛ፣ ኮንሰርቱ ለሁሉም ዕድሜ ክፍት ይሁን። ሁለተኛ፣ ትኬቱ 5 ዶላር ይሁን።

ታዲያ በ5 ዶላር እንዴት ይኖራል? አስሉት። 1 ሺህ ሰው ቢገባ 5 ሺህ ዶላር ነው፤ የአዳራሽ ኪራይ፣ ነዳጅና ምግብ ከዚያው ይወጣል። ሌላው ባንድ ሒሳቡ አልሞላ ሲለው ትኬት ይጨምራል። እነሱ ወጪ ቀነሱ። ሥራ አስኪያጅ የላቸውም፤ ማካይ ራሱ ስልክ እየደወለ ኮንሰርት ይይዛል። በቫን ይጓዛሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚያድሩት ሰው ቤት ነው። የባንዱ ስም ያለበት ቲሸርት እንኳ አይሸጡም። ይሄንን ያየ አንድ ነጋዴ «ይህ የፉጋዚ ቲሸርት አይደለም» የሚል ጽሑፍ አትሞ ቸበቸበው! ጊታሩና ድምፁ የማካይና የጋይ ፒቾቶ፣ ቤዙ የጆ ላሊ፣ ከበሮው የብሬንደን ካንቲ ነበር። ከ1987 እስከ 2002 ባሉት ዓመታት 50ዎቹንም የአሜሪካ ግዛቶች አዳርሰው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ከ1 ሺህ በላይ ኮንሰርት አቀረቡ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የፖስታው ነገር ነው። በዚያን ጊዜ የፓንክ ኮንሰርት ላይ መጋፋትና መደባደብ የተለመደ ነበር። ፉጋዚዎች ሰው የሚያስቸግር ጎረምሳ ሲያዩ ሙዚቃውን ያቆማሉ። በጨዋ ቋንቋ ይለምኑታል። እምቢ ካለ 5 ዶላር ያለበት ፖስታ አዘጋጅተዋል፤ ገንዘቡን መልሰው ያስወጡታል። አስቡት እስቲ፤ ደንበኛን ገንዘቡን መልሶ «በሰላም ግባ» ማለት! ይሄን ማድረግ የሚችለው በዚያ ሰውዬ 5 ዶላር ላይ ያልተንጠለጠለ ሰው ብቻ ነው። ፊት ለፊት ያለችው ቀጭን ልጅ ሳትረገጥ ሙዚቃ እንድትሰማ የተከፈለ ዋጋ ነው።

ከዚያ 1991 መጣ። የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» አልበም ዓለምን አናወጠ። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ቼክ ይዘው ቀጣዩን ኒርቫና ፍለጋ ከተማ ለከተማ መዞር ጀመሩ። በ1993 የአትላንቲክ ሪከርድስ መሥራች የሆነው አሕመት ኤርተጉን ራሱ ኒው ዮርክ ላይ ከኮንሰርታቸው መጥቶ አግባባቸው። እንግዲህ ይሄ እነ ሬይ ቻርልስን ያሳተመ ሰው ነው። እነሱ ግን እምቢ አሉ። በዚያው ዓመት የወጣው አልበማቸው በዲስኮርድ በኩል ታትሞ ቢልቦርድ 200 ውስጥ ገብቷል። ታዲያ አሳታሚው የሚሰጣቸው ምን ነበር? ብር። የሚወስደውስ? የትኬቱን ዋጋ፣ የማስታወቂያውን ዓይነት፣ የአልበሙን መውጫ ቀን የመወሰን ሥልጣን። ሒሳቡ አላዋጣቸውም።

የመጠጥና የሲጋራ ማስታወቂያ ለሚያወጡ መጽሔቶችም ቃለ መጠይቅ አይሰጡም ነበር። ዝነኛው «ሮሊንግ ስቶን» ሳይቀር ቀርቶባቸዋል።

ይህን ሁሉ ለአንዲት ዘፋኝ ጓደኛዬ ስነግራት ከት ብላ ሳቀችብኝ። «የእሱ አባት የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጠኛ ነበር አላልከኝም? ቢወድቅ የሚመለስበት ቤት አለው። እኔ ወር በገባ ቁጥር የቤት ኪራይ አለብኝ። ቼክ ይዞ የመጣውን ሰው እምቢ በይ ትለኛለህ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እምቢ ማለት ራሱ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይሄን የደበቀ ሰው የፉጋዚን ታሪክ ግማሹን ነው የሚነግራችሁ። ከትልቅ አሳታሚ ጋር የፈረመ ሁሉ ነፍሱን ሸጧል ማለትም ነውር ነው። ኒርቫና ፈርሞ ነው እኔና እናንተ ጋ የደረሰው።

ግን ለጓደኛዬ አንድ ነገር መለስኩላት። ፉጋዚዎች እምቢ ማለት የቻሉት ሀብታም ስለሆኑ ሳይሆን ቼኩ ሲመጣ ዕዳ ስላልነበረባቸው ይመስለኛል። ኤርተጉን ከመምጣቱ በፊት ስድስት ዓመት ሙሉ በቫን ሲዞሩ፣ ሰው ቤት ወለል ላይ ሲተኙ የቆዩት ለዚያች ቀን ሆኖ ተገኘ። ነፃነታቸውን አስቀድመው በትንሽ በትንሹ ከፍለውበታል። ዛሬ ስልኩ ላይ ዘፈንም ሆነ ቪዲዮ የሚሠራ ልጅ የመጀመሪያው የቁማር ድርጅት «አስተዋውቅልን» ብሎ መልእክት ሲልክለት ነው ይሄ ነገር የሚገባው። በዚያች ሰዓት መልሱን የሚወስነው ባለፈው ወር ያወጣው ወጪ ነው። አሪፍ ካሜራ በብድር የገዛ ልጅ መልሱ ከወዲሁ ይታወቃል።

ባንዱ ለመጨረሻ ጊዜ መድረክ ላይ የታየው በ2002 ለንደን ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ እረፍት ላይ ነን ብለው እስካሁን አልተመለሱም። ነገር ግን የድምፅ ባለሙያዎቻቸው ከ800 በላይ ኮንሰርቶች ቀርጸው አስቀምጠው ነበር። ከ2011 ጀምሮ ቅጂዎቹን በድረ ገጽ መልቀቅ ጀመሩ። ዋጋው ስንት እንደሆነ ገመታችሁ? 5 ዶላር። ያውም አስገዳጅ አይደለም፤ ከ1 እስከ 100 ዶላር ድረስ ገዢው ራሱ ይመርጣል። ሙዚቃው የራሳቸው ስለሆነ የማንንም ፈቃድ አልጠየቁም።

አጎቴ ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው ከእነዚህ ቅጂዎች አንዱን ለመግዛት ሞከርኩ። የእኔ ካርድ እምቢ ስላለ ከእሱ ካርድ ላይ እንድንከፍል ለመንኩት። ዋጋ ምረጡ የሚለው ቦታ ላይ ስንደርስ መነጽሩን አድርጎ ስልኬን ተቀበለኝ።

«1 ዶላርም ይቻላል ነው የሚለው?»

«ይቻላል ጋሼ።»

«ያኔስ መግቢያው ስንት ነበር?»

«5።»

«5 ዶላር ብቻ!» ትንሽ ዝም አለ። «እዚያ በር ላይ ስንት ምሽት ቆሜያለሁ መሰለህ። ለካ እኔም መግባት እችል ነበር።» ከዚያ 10 ብሎ ጻፈና ስልኬን መለሰልኝ። «5ቱ የመግቢያ ነው። የቀረው ጉርሻ ይሁናቸው፤ እነሱ ባይሰጡኝም።»